እማዬን ሳስታምም የሠራኋቸው ስህተቶች

እማዬን ስትሮክ የመታት ጠዋት ቡና እየቀዳች ሳለ ነው። ሆስፒታል 12 ቀን ተኝታ ወጣች። ቀኝ እጅና እግሯ አይታዘዝም፣ አንደበቷም ይያዛል። እኛ ግን ከሆስፒታል መውጣቷን እንደ መዳን ቆጠርነው። ከዚያ በኋላ ያላጠፋነው ጥፋት የለም። የሚገርመው፣ አብዛኛውን ያጠፋነው ሰስተንላት ነው።

ሳይሞክሩ መውጣት

ሲስተሯ እማዬን ስታገላብጥና ስታበላ በየቀኑ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበርን። ግን እሷ ስትገባ እኛ አየር ለመውሰድ ወደ ኮሪደር እንወጣ ነበር። ቤት ስንደርስ በእጃችን ያለው የመድኃኒት ወረቀትና የቀጠሮ ካርድ ብቻ ሆነ። እናንተ እዚያው እያላችሁ «ሲስተር፣ ዛሬ እኔ ላድርገው፣ አንቺ እዪኝ» በሏት። ደስ እያላት ነው የምታሳያችሁ።

ጋደም እንዳለች ማጉረስ

አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል እንላለን። ስትሮክ ያለበት ቤት ግን አንዱም ያስፈራል። በሽታው የመዋጥ ጡንቻንም ሊያዳክም ይችላል። ያኔ ምግብ ወይም ውሃ ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያመጣል። እኔ ለእማዬ በትራስ ደገፍ አድርጌያት ትልቅ ትልቅ ጉርሻ ነበር የምሰጣት። አክስቴም ከጎን «ጨምሪላት፣ ከስታለች» ትላለች።

መጀመሪያ የመዋጥ አቅሟ በባለሙያ መታየት ነበረበት። ከተፈቀደ በኋላ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ በሻይ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ፣ አንዱን ሳትውጥ ሌላው አይሰጥም። በልታ ስትጨርስ ቢያንስ 30 ደቂቃ አትተኛም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ቀጭን ውሃ ከወፈር ያለ አጥሚት ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል። ከጠጣች በኋላ ብታስል ወይም ድምጿ እንደ ረጠበ ቢንኮራኮር አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። ሳያስል ወደ ሳንባው የሚገባበት ሰውም አለ፤ ስለዚህ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ካያችሁ ነገ እንይ አትበሉ። የማይታዘዘው ጉንጭ ውስጥ ምግብ ይደበቃል። አፏን አይታችሁ፣ አጽዱላት።

የሚቀላውን ቦታ ማሸት

በሦስተኛው ሳምንት የጭራ አጥንቷ አካባቢ ቆዳዋ ተለወጠ። እኔም ቫዝሊን ይዤ አሸሁት። ትልቅ ስህተት! ያ ቦታ የተጎዳው ደም ሳያገኝ ተጭኖ ስለቆየ ነው፤ ማሸት የባሰ ያቆስለዋል። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ነው። የሕክምና መጽሐፍ «መቅላት» ይላል፤ እኛ ጠይም ሰዎች ላይ ግን ቀይ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ፣ የሚሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ በእጃችሁ ፈልጉ።

በአልጋ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል። በጉልበቶቹ መሃል ትራስ፣ ተረከዙ ደግሞ አልጋውን እንዳይነካ ከባቱ ሥር ሌላ ትራስ። አንሶላው ላይ አትጎትቷት፤ ለሁለት ሆናችሁ ከፍ አድርጉ። ቁስል ከጀመረ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር ያስፈልጋል። የጾም ወቅት ከሆነ ከንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩ፤ ለበሽተኛ መጾም ግዴታ አይደለም።

በደካማው እጅ መሳብ

አጭር ናት፣ ግን እንዳትረሷት። ለማስነሳት የማይሠራውን እጅ መሳብ ትከሻውን ሊያወልቅ ይችላል። ሸሚዝ ሲለበስ የደከመው እጅ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ደግሞ መጨረሻ ይሆናል።

«አንቺ ተቀመጪ»

ወንድሜ ፀጉሯን ያበጥራል፣ እኔ ፊቷን አጥባለሁ፣ ሠራተኛችን ሻዩን አፏ ላይ ትይዛለች። እሷ ምንም አትሠራም። ፊዚዮቴራፒስቱ ሲያየን ሳቀ። አንጎል እንደገና የሚማረው በመደጋገም ነው። ብዙው ለውጥ የሚታየውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እኛ ግን ያንን ጊዜ በማገልገል ጨረስነው ማለት ይቻላል። ማበጠሪያውን ስጧት። ቢወድቅባት ይውደቅ።

የደም ግፊቷ ተስተካክሏል ብሎ ክኒን ማቆም

የተስተካከለው በክኒኑ ነው። ጠበል ብትሄድም መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ።

የጠያቂ ብዛት፣ የእሷ ዝምታ

ጠያቂ ባይመጣ ቅር ይለናል፣ ሲበዛ ደግሞ በሽተኛዋ አትተኛም። እኛ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ብለን ወሰንን፤ የተቀየሙም ነበሩ፣ ይቀየሙ። ዝምታዋን ግን ዘግይተን ነው ያስተዋልነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ምግብ ትገፋለች፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። «አታማሪ፣ ተርፈሻል እኮ» እያልን እንገሥጻት ነበር። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው ለአንዱ ያህል ድብርት ይገጥመዋል፤ ሕክምናም አለው። በቀጠሮ ቀን ለሐኪሙ እግሯን ብቻ አትንገሩት፣ ይሄንንም ንገሩት። እሱ እየጻፈ ሳለ የእናንተንም ወገብና እንቅልፍ ጣል አድርጉለት። እኔ በ4ኛው ወር ነው ለወንድሜ «ማታ ማታ አንተ ተረኛ ነህ» ያልኩት።