የሳር ማጨጃ ማሽን ባትሪ ቻርጅ አላደርግ ሲል ትክክለኛውን ፓርት እንዴት እንደምታገኙ

ማሽኑ ጠዋት በጃምፐር ይነሳል፣ ሁለት ግቢ ያጭዳል፣ ከዛ ቤንዚን ልትሞሉ ስታጠፉት በቃ፣ ቁልፉን ብታዞሩት ጠቅ ከማለት ውጪ ምንም የለም። ብዙ ሰው ወዲያው ሄዶ ባትሪ ይገዛል፣ አዲሱም ባትሪ በሳምንቱ ያው ይሆናል። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እዚህ ከፀደይ እስከ መኸር ሳር የማይታጨድበት ሳምንት ስለሌለ ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ላይ ይሄ ችግር ደጋግሞ ገጥሞኛል፣ መጀመሪያ ላይ በግምት ፓርት አዝዤ ሁለት ጊዜ የማይገጥም ነገር መጣልኝ፣ ገንዘቡም የባከነው ቅዳሜም አንገብግቦኛል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምለው፣ ሳትለኩና የሞተሩን ቁጥር በእጃችሁ ሳትይዙ ምንም አትዘዙ።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ። እነዚህ ሞተሮች ላይ መኪና ላይ እንደምናውቀው በቺንጋ የሚዞር ዲናሞ የለም። ቮላኖ የሚባለው ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ ክብ ብረት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ማግኔቶች አሉ፣ ከስሩ ደግሞ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ስቴተር የሚባል ቀለበት ታስሯል፣ ሞተሩ ሲዞር ማግኔቶቹ በስቴተሩ ዙሪያ እየተሽከረከሩ ኤ ሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ባትሪ የሚቀበለው ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ዲ ሲ ነው፣ ስለዚህ ትንንሾቹ ላይ ሽቦው ውስጥ የተደበቀች አንዲት ዳዮድ ትቀይረዋለች፣ ተለቅ ያሉት ላይ ደግሞ ሬጉሌተር የሚባል ክንፍ ክንፍ ያለው ብረት ሳጥን ወደ ዲ ሲ ቀይሮ ቮልቱንም ይገድባል። ስቴተር፣ ዳዮድ ወይ ሬጉሌተር፣ ማግኔት፣ የሚበላሸው ከነዚህ አንዱ ነው፣ ካልሆነ ሽቦና ፊውዝ።

አሁን ለኩ። ርካሽ መልቲሜትር ይበቃል። ማሽኑን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ፍሬን ያዙ፣ ምላጩ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ እጃችሁንና እጅጌያችሁን ከሚዞር ነገር አርቁ። ሞተሩ ሳይነሳ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። አስነስታችሁ ነዳጁን እስከ ጥግ ስትከፍቱ ሬጉሌተር ያለው ሞተር ላይ ከ13.5 እስከ 14.7 ካሳየ ቻርጅ እያደረገ ነው፣ ችግራችሁ ባትሪው ወይ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጋ ነው። 12.4 ላይ ቆሞ ቀስ እያለ ከወረደ ቻርጅ የለም። 15ን አልፎ ከሄደ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፣ ቶሎ አጥፉት ባትሪውን ያፈላዋል። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ደግሞ ደህናው ሬጉሌተርም ላይነሳ ስለሚችል መጀመሪያ በውጪ ቻርጀር ሞልታችሁ ነው መለካት ያለባችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም ደህና ፓርት ያስቀይራል።

ቁጥሩ የቀነሰ ከሆነ ቀጥታ ወደ ስቴተር አትሂዱ። ፊውዙን እዩ፣ የባትሪ ጫፎቹን ዝገት ጥረጉ፣ ከዛ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን አንስታችሁ ሽቦዎቹን ተከታተሉ፣ ክረምቱን ጋራዥ ወይ ሼድ ውስጥ ሲቆም አይጥ እዛ ክዳን ስር ጎጆ ትሰራለች ሽቦም ትበላለች። ሬጉሌተሩ የታሰረበት ብሎን ጋ ቀለም ወይ ዝገት ካለ ፍቁት ምክንያቱም ብዙዎቹ ኔጋቲቫቸውን የሚያገኙት በራሱ በሳጥኑ በኩል ነው፣ ብረት ከብረት ካልነካ አይሰራም።

ቀጥሎ ስቴተሩን ለብቻው ለኩት። ከስቴተሩ የሚመጣውን ሶኬት ከሬጉሌተሩ ንቀሉ፣ መልቲሜትሩን ኤ ሲ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ ሁለቱ ሽቦዎች መሀል ለኩ። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የሚባለው አምራች ሞተር ላይ 10 አምፒሩ ቢያንስ 20 ቮልት፣ 16 አምፒሩ ቢያንስ 30 ቮልት መስጠት አለበት፣ የሌላው አምራች የኮህለር 15 አምፒሩ ደግሞ 28 እና ከዛ በላይ። ይሄን ካገኛችሁ ስቴተሩ ደህና ነው፣ ሬጉሌተር ነው የምትገዙት። ምንም ከሌለ ሞተሩን አጥፍታችሁ ከእያንዳንዱ ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩ፣ የተገናኘ መሆኑን ካሳየ ሽቦው ብረቱን ነክቷል ማለት ነው፣ ስቴተሩ አብቅቷል። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ የመጨረሻው ልኬት ሁለቱም ሽቦ ወደ ሬጉሌተር ለሚሄድበት ብቻ ነው፣ ትንንሾቹ የብሪግስ ሞተሮች ላይ የጥቅልሉ አንድ ጫፍ ድሮውንም ከብረቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ደህናውን የተበላሸ ያስመስለዋል። እነሱ ላይ አንዱ ቀይ ሽቦ ዳዮድ ይዞ ወደ ባትሪ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ካለ ለፊት መብራት ኤ ሲ ነው፣ እዛ ሬጉሌተር ብትፈልጉ አታገኙም የለማ።

እሺ አሁን ፍለጋው። ያኔ የሳትኩት እዚህ ነው፣ ከመቀመጫው ስር ያለውን ቁጥር ይዤ ሄድኩ። እሱ የማሽኑ የራሱ ቁጥር ነው፣ አንድ አይነት ማሽን ላይ የተለያየ ሞተር ሊገጠም ስለሚችል ለቻርጅ ፓርት አይጠቅምም። የምትፈልጉት ሞተሩ ላይ ያለውን ነው። ብሪግስ ላይ የቫልቭ ክዳኑ ወይ የላይኛው ቆርቆሮ ላይ ተቀርጾ ሶስት ቡድን ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሞዴል፣ ታይፕ፣ ኮድ፣ ሶስቱንም ጻፉ፣ ኮዱ የተሰራበት ቀን ነው ከዓመቱ ይጀምራል። ኮህለር ላይ ተለጣፊ ወረቀት አለ፣ ከሞዴሉ ይልቅ ስፔክ የሚለውን ነው ባለሱቁ የሚጠይቃችሁ። ካዋሳኪ ላይ ከሞዴሉ በኋላ ከሰረዝ ቀጥሎ ያሉት ፊደላትም አይቅሩ። ቆሻሻና ዘይት ሸፍኖት ካላያችሁት ብሬክ ክሊነር ነፍታችሁ በጨርቅ ጥረጉት ከዛ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ያንን ቁጥር የሞተሩ አምራች ዌብሳይት ላይ ስታስገቡ የፓርት ስዕል ይወጣል። ብሪግስ ስቴተር አይለውም፣ አልተርኔተር ነው የሚለው፣ ስዕሉ ላይ 474 የተባለው እሱ ነው፣ ሬጉሌተሩ 501። እነዚህ ግን የስዕል ማመሳከሪያ ናቸው፣ የምታዙበት ቁጥር ከጎናቸው ያለው ረጅሙ ነው። የድሮ ቁጥር በአዲስ ተተክቶ ሊሆን ስለሚችል የድሮውን ስትፈልጉ የለም ቢሏችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ አዲሱን ቁጥር ንገሩኝ በሏቸው።

ስታወዳድሩ የአምፒሩን ቁጥር ብቻ አትመኑ። የብሪግስ 10 እና 16 አምፒር ስቴተሩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት መጠን ነው፣ ስለዚህ 16 የሚል ስቴተር ገዝታችሁ 10 ከሚሰጥ ቮላኖ ስር ብታስገቡት 10 ነው የምታገኙት። የሶኬቱን ቅርጽና ቀለም፣ የሽቦውን ርዝመት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ከአሮጌው ጋር አስተያዩ።

የት ትገዛላችሁ? ማሽኑ የተሸጠበት ትልቅ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ካንዴላና ምላጭ እንጂ ስቴተር ብዙም አይገኝም፣ የሳር ማሽን የሚጠግን ሰፈር ያለ ዲለር ይሻላል፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በደቂቃ ይነግራችኋል። ኦሪጅናል ካልሆነ ስቴንስና ኦሪገን የመሳሰሉ የታወቁ አሉ፣ ሬጉሌተር ከነሱ ብትገዙ አይከፋም። ስቴተር ግን ቮላኖ መንቀል የሚጠይቅ ስራ ስለሆነ እኔ ትንሽ ጨምሬ ኦሪጅናሉን እገዛለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቮላኖ መንቀል የሚፈልግ ሰው የለም። ኦንላይን ላይ ብራንድ የሌለው ለሁሉም ሞተር ይሆናል የሚል ካያችሁ እለፉት።

ስትገጥሙ የባትሪውን ኔጋቲቭና የካንዴላውን ሽቦ ንቀሉ። ቮላኖውን በፑለር (ስቦ በሚያወጣ መሳሪያ) አውጡ፣ በመዶሻ አትምቱት፣ ማግኔቱ ይሰነጠቃል ወይ ይለቃል። ስታወጡት ማግኔቶቹን በጣት እየነካችሁ እዩ፣ አንዱ ከተነቃነቀ ወይ ስቴተሩን ፍቆት ከሆነ ቮላኖም ያስፈልጋችኋል፣ አዲሱን ስቴተር ብቻ ማስገባት መልሶ ማስበላት ነው። ሽቦውን በነበረበት መስመር መልሱት፣ ቮላኖው እንዳይነካው።

ባትሪ ስትመልሱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለቴ እዩ። ዩ 1 የሚባለው የሳር ማሽን ባትሪ ፖዘቲቩ በቀኝ የሆነም በግራ የሆነም አለ፣ አዲስ ባትሪ ስትገዙ የተገላቢጦሽ ከሆነና በልማድ ካሰራችሁት አዲሱ ሬጉሌተር ወይ ዳዮድ እዛው ይቃጠላል። ከዛ አስነስታችሁ እንደገና ለኩ፣ ቮልቱ ከተስተካከለ የሞተሩን ቁጥር፣ የገዛችሁትን ፓርት ቁጥርና ቀኑን በማርከር ከመቀመጫው ስር ጻፉት።