ፐብጂ ላይ ጠመንጃ ከመምረጣችሁ በፊት አሟሟታችሁን ጻፉ

ጅማ ላይ ፐብጂ (የተኩስ ጌሙን) የምትጫወቱ፣ ጓደኛ የያዘውን ጠመንጃ ዝም ብላችሁ አትከተሉ። ለ10 ጨዋታ ያህል በሞታችሁ ቁጥር ገዳያችሁ ቅርብ፣ መሀል ርቀት ላይ ወይስ ሩቅ ነበር? ይህችን ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉ። የገደልነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ክፍተታችን የሚታየው ግን በሞትንበት ርቀት ነው።

ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ከሆነ ዩኤምፒ45 ያዙ። መሀል ርቀት ላይ ከሆነ ኤም416። ኤኬኤም ጥይቱ 7.62 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የበለጠ ይጎዳል፣ ግን አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል፤ እጃችሁ እስኪለምድ በልምምድ ሜዳው ላይ ሞክሩት። ሩቅ ከሆነ ካር98ኬ አለ፤ ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ስለሚቀባበል ግን ተደብቆ መጠበቅ ለሚችል ሰው ነው።

ማታ ዝናብ ጥሎ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ግን ካር98ኬን ተዉት። ስታነጣጥሩበት የምታዩት ሰው ቦታውን ለቆ ሄዷል።