የናይትሮ ሪሞት መኪና፦ ሞተሩን እንዴት እናስተካክላለን? እንዴትስ እንይዘዋለን?

የናይትሮ መኪና በሪሞት የሚነዳ፣ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ያለው ትንሽ መኪና ነው። ሞተሩ ለብቻው የዘይት ቋት የለውም። ሜታኖል የሚባል አልኮል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት አንድ ላይ ተቀላቅለው ይቀዱበታል። የሚያስሮጠውም፣ የሚያለሰልሰውም፣ ሙቀቱን የሚያበርድለትም ያው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ነዳጅ ቀነሳችሁበት ማለት ዘይትም ቀነሳችሁበት ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል።

ሜታኖል መርዝ ነው፤ በቆዳም ይገባል። ሲቃጠል ደግሞ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ውጭ፣ ነፋሻ ቦታ ላይ፣ ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ መኪናውን አብሩ። ስታጠፉ ግን መኪናው ይቅደም።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ቱቦዎቹን ፈትሹ። አንዱ ነዳጅ ወደ ካርቡራተር ይወስዳል፣ ሌላው ከማርሚታው ግፊት ወደ ታንኩ ያመጣል። በጣታችሁ እያጎበጣችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። እኔ አንድ ጊዜ ከሰዓቱን ሙሉ ብሎን ሳዞር ዋልኩ። አንዴ ይስተካከላል፣ አንዴ ይጠፋል። ለካ ቱቦው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ነበረች።

የአየር ፊልትሮውን ስፖንጅ በሳሙና ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ የፊልትሮ ዘይት አጠጡትና ጨምቁት። እዚህ ላይ አትስነፉ። አብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች የፒስተን ፋሻ የላቸውም፤ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ልክክ ብለው ነው የሚሠሩት። ትንሽ አቧራ ከገባ ይፋቃሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም ብታስተካክሉ ጉልበቱ አይመለስም።

ሞተሩ አዲስ ከሆነ ለማስተካከል አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ታንክ ነዳጅ በዝቶለት፣ በዝግታ ይሂድ። በየመሀሉ አጥፉትና ይቀዝቅዝ።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ካርቡራተሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ብሎኖች ታገኛላችሁ፦ የከፍተኛ ፍጥነት፣ የዝቅተኛ ፍጥነትና የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝግታ የሚሠራበት)። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የነዳጅ ብሎኖች ናቸው፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነዳጅ ይቀንሳሉ፣ ወደ ግራ ሲዞሩ ይጨምራሉ። በአንድ ጊዜ የምታዞሩት በሰዓት ፊት ላይ ከአንድ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያህል ብቻ ይሁን። ሁልጊዜም ነዳጅ ከበዛበት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ቀንሱ።

ሞተሩን በደንብ አሙቁትና ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ጋዙን ሙሉ ስጡት። ከኋላው ቀጭን፣ ሰማያዊ ነጭ ጭስ መስመር ይዞ መከተል አለበት። ጭሱ ወፍሮ መኪናው ከተጎተተ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ቀንሱለት። መጀመሪያ ተስፈንጥሮ መሀል ሜዳ ላይ ከደከመና ጭሱ ከጠፋ ግን ነዳጅ አንሶታል። ወዲያው አቁሙት፣ ጨምሩለት። ያኔ የሚሰማው፣ ደቂቃ የማይቆይ ቀጭን ጩኸት ጉልበት ይመስላል፤ ዘይት ያጣ ሞተር ጩኸት ነው።

ሙቀት መለኪያ ካላችሁ ነዳጁን ከሚያቀጣጥለው ካንዴላ አጠገብ ለኩ። ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአብዛኞቹ ሞተሮች ጥሩ ነው። ከሌላችሁ አንድ ጠብታ ውሃ የሞተሩ ራስ ላይ ጣሉ። እየተንተከተከች ሦስት አራት ሰከንድ ቆይታ ከጠፋች ደህና ነው። እንደነካች ጭስ ብላ ከተነነች በጣም ግሏል።

ቀጥሎ የዝቅተኛ ፍጥነቱ ብሎን። በሚኒሞ ላይ እያለ የነዳጁን ቱቦ ቆንጠጥ አድርጉ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ከጠፋ ልክ ነው። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ በዝቶበታል። ሚኒሞውን መጨረሻ ላይ፣ ጎማዎቹ ሳይሽከረከሩ ሞተሩ የሚቆይበት ቦታ ላይ አድርጉት። ዛሬ ያስተካከላችሁት ነገ ላይሠራ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ይታመቃል፣ ብዙ ነዳጅም ይፈልጋል።

የማስነሻው ገመድ እምቢ ካለ በጉልበት አትጎትቱ፤ ነዳጅ ሞልቶበት ይሆናል። ካንዴላውን ፍቱ፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ አድርጉ፣ መኪናውን ገልብጣችሁ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳቡ። የወጣችውን ካንዴላም እዩአት። የሽቦዋ ጥቅልል ከተጣመመ ወይም ከተበጠሰ ቀይሯት።

ስትጨርሱ ነዳጅ ታንኩ ውስጥ አታሳድሩ። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ደግሞ ኩሽኔታውን ያዝገዋል። ታንኩን አራግፉ፣ የቀረውን ሞተሩ አቃጥሎ ይጨርሰው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ከሥራ በኋላ የሚጨመረውን ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምራችሁ ጥቂት ዙር አዙሩት። ፒስተኑ ታች መውረዱን በቀዳዳው አይታችሁ ካንዴላዋን መልሱ። ላይ እንደተጣበቀ ከቀዘቀዘ ለሚቀጥለው ጊዜ ማስነሳቱ ያስቸግራችኋል።