ዝውውሩ ላይ ስማችሁ ሲቀር (ወይም ሳትጠይቁ ሲወጣ) ቅሬታ እንዴት ይቀርባል?

ክረምት ላይ የመምህራን የዝውውር ዝርዝር ይለጠፋል። ስሙን ያገኘ ዕቃውን ይሸክፋል። ያላገኘው ደግሞ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ንዴቱን ይወጣል። አይፈረድበትም፣ ያናድዳል። ግን እዛ የተጻፈ ነገር መዝገብ ቤት አይገባም፤ የቅሬታ ቀኑ ደግሞ እናንተ ስትከራከሩ እየነጎደ ነው።

መጀመሪያ የተወሰነባችሁ ምን ዓይነት ውሳኔ እንደሆነ ለዩ። ራሳችሁ ለዝውውር አመልክታችሁ ከቀራችሁ ነገሩ ውድድር ነው፣ የምትከራከሩትም በነጥብ ላይ ነው፦ የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም፣ የሠራችሁበት ቦታ አስቸጋሪነት፣ ጋብቻ፣ ጤና፣ መመሪያው የሚቆጥረው ሁሉ። ሳትጠይቁ ከተነሳችሁ ግን፣ «ትርፍ ሆነሃል» ተብሎም ይሁን «ለሥራው ሲባል» ተብሎ፣ ጥያቄው ሌላ ነው። ማን ወሰነ? ሥልጣኑ አለው ወይ? ከአንድ የትምህርት ዓይነት መምህራን መካከል እናንተ በምን መስፈርት ተመረጣችሁ? ሁለቱን አደባልቆ የሚጽፍ ሰው አንዱንም በቅጡ አያስረዳም።

ውሳኔውን በጽሑፍ ያዙ። ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ «ከሰኞ ጀምሮ እዛ ነህ» ቢላችሁ ደብዳቤ ጠይቁ፣ በቃል የተባለ ነገር ላይ ይግባኝ ማለት ከባድ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ የተጻፈበትን ቀን፣ የፈራሚውን ኃላፊነት፣ የተጠቀሰ የመመሪያ አንቀጽ ካለ እሱን፣ ግልባጩ ለማን እንደሄደ እዩ። ስትቀበሉ ደግሞ የተቀበላችሁበትን ትክክለኛ ቀን ጻፉና ፈርሙ። አንዳንዴ ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በፊት የተጻፈ ሆኖ ዛሬ ነው እጃችሁ የሚገባው፤ ያለ ቀን ከፈረማችሁ «ጊዜው አልፎበታል» ሲሏችሁ መልስ የላችሁም። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ዝርዝር ከሆነም በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ማኅተሙና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። የተለጠፈ ዝርዝር በማግስቱ ተቀይሮ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ መመሪያው። ክልሎች የየራሳቸው የዝውውር መመሪያ አላቸው፣ የነጥብ አሰጣጡም ይለያያል፣ በየጊዜው ይሻሻላልም። ስለዚህ ሌላ ክልል ያለ ጓደኛችሁ «እኛ ጋ ጋብቻ ይህን ያህል ነጥብ አለው» ቢላችሁ ለእናንተ ምንም አይሠራም። ዘንድሮ ሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ከሰው ኃይል ክፍል ወይም ከመምህራን ማህበር ተወካያችሁ ፈልጉ። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ መስፈርቶቹን፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን የቀን ገደብና ቅሬታውን የሚቀበለውን አካል አውጡ። የቀን ገደቡ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዝርዝሩ የሚወጣው መምህሩ አገር ቤት በሄደበት ሰሞን መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አንድ ሰው ሰሌዳውን እንዲያይላችሁ አደራ በሉ።

አሁን ጽሑፉ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው። ባለ አራት ገጽ የሕይወት ታሪክ፣ ምሬት፣ «ዘመድ የለኝም እንጂ»፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚጠይቅ የማይታወቅ። ቅሬታውን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ክምር ማመልከቻ አለ፤ የእናንተ አንድ ገጽ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጉዳዩ፦ የዝውውር ውድድር ውጤቴ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ። በወጣው ዝርዝር ላይ የተያዘልኝ አገልግሎት 8 ዓመት ነው። ነገር ግን ከተቀጠርኩ 11 ዓመት እንደሆነኝ የቅጥር ደብዳቤዬና የቀድሞ ወረዳዬ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያሳያሉ፤ ሁለቱንም አያይዣለሁ። ስለዚህ ነጥቤ በ11 ዓመት ተሰልቶ ደረጃዬ እንዲስተካከል፣ የውሳኔው ቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንዲሰጠኝ እና ምላሹ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»

በቃ ይኼው ነው። ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ ማስረጃው የት እንዳለ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ። ምሳሌውንም ዝም ብዬ አልመረጥኩትም፣ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ የተዛወረ መምህር የቀድሞ አገልግሎቱ ማኅደሩ ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ዓመት የሚጎድልበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ተንኮል ላይሆን ይችላል። ወረቀቱ ስላልተያያዘ ብቻ ነው።

ጋብቻ ከሆነ ምክንያታችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤታችሁ እዛ ቦታ መሥራታቸውን የሚያሳይ ደብዳቤ አያይዙ፣ ማስረጃው የተሰጠበት ቀንም ከምዝገባው ማብቂያ በፊት መሆኑን አረጋግጡ። ጤና ከሆነ ብዙ ቦታ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠየቃል፣ የግል ክሊኒክ ወረቀት ይዛችሁ አትመኑ።

ሌላ ሰው ከእናንተ ባነሰ ነጥብ አልፏል ብላችሁ ካመናችሁ የሁለታችሁም ነጥብ በመስፈርት ተዘርዝሮ እንዲገለጽ ጠይቁ። «ጉቦ ሰጥቶ ነው» ብላችሁ ያለ ማስረጃ ከጻፋችሁ ግን ቅሬታ አቅራቢ መሆናችሁ ቀርቶ ተከሳሽ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱን ያስቀራሉ፤ የእናንተው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያሳርፉበታል። ጸሐፊዋ ጋ «እሰጥላችኋለሁ» ተብሎ የተተወ ወረቀት እንዳልገባ ቁጠሩት። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩና ደረሰኙን ያዙ።

ደረጃውን አትዝለሉ። ብዙ ክልሎች ላይ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተነስቶ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዛ ወደ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዛ ወደ ከተማው ትምህርት ቢሮ። በቀጥታ ቢሮ የሄደ ሰው «ታች ጨርሰህ ና» ተብሎ ይመለሳል፣ ጊዜውም ያልቃል። የየደረጃውን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ። መልስ ካልሰጡ ደግሞ ያስገባችሁበትን ገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ወደሚቀጥለው ውጡ፤ ዝምታውን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ያላችሁ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ጥቀሱ፣ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ይላል። «ተመርምሮ ተቀባይነት አላገኘም» ምክንያት አይደለም።

ከትምህርት መዋቅሩ ውጭም በር አለ። የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ፣ ክልሎች ላይ በሲቪል ሰርቪስ በኩል ይገኛል፤ የእናንተን ዓይነት የዝውውር ጉዳይ መቀበል አለመቀበሉን ግን በክልላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አስቀድማችሁ አጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። እሱ ፍርድ ቤት አይደለም፣ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚያቀርበው፤ ግን ከእሱ የመጣን ደብዳቤ አብዛኛው ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ለመክተት ይፈራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። ከዚህ በላይ ለመሄድ ግን ጠበቃ ወይም ነገር የገባው የማህበር ሰው አማክሩ።

ሳትጠይቁ የተዛወራችሁ በተለይ ይህን ስሙኝ። ቅሬታ ማስገባት በራሱ ውሳኔውን አያስቆምም። «ይግባኝ ብያለሁ» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ መምህር ሥራ ላይ አልተገኘም ተብሎ ደሞዙ ይቆማል፣ ከዛ አልፎ ስንብት ይመጣል፤ ያኔ ክርክሩ ስለ ዝውውር መሆኑ ይቀራል። ውሳኔው ታግዶ እንዲቆይ በዚያው ማመልከቻ ጠይቁ። እግድ በጽሑፍ እስኪመጣ ግን አዲሱ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ሪፖርት አድርጉ፣ ሪፖርት የምታደርጉበት ደብዳቤ ላይም «ያቀረብኩት ቅሬታ እንደተጠበቀ ሆኖ» የምትል ሐረግ አስገቡ። አጭር ናት፣ ግን «ተስማምቶ ነው የሄደው» እንዳትባሉ ታደርጋለች። ከመሄዳችሁ በፊት መጻሕፍቱን፣ ማርክ ሊስቱን፣ የላብራቶሪ ቁልፉን በርክክብ ፎርም አስረክቡ፤ ክሊራንስ (ያስረከባችሁበትን ማረጋገጫ) የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት።

ዘንድሮ ባይሳካ እንኳ ቢሮው ጋብ በሚልበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ የሰው ኃይል ክፍል ሂዱና ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ እዩ። የቅጥር ደብዳቤው፣ የደረጃ ዕድገቱ፣ የአፈጻጸም ውጤቱ፣ የቀድሞ ወረዳ ልምዱ ሁሉ ካለ ጥሩ። የጎደለ ካለ በገቢ ቁጥር አስገቡ፣ ግልባጩንም ቤት አስቀምጡ።