ደሴ ላይ የክላሲካል ኮንሰርት እንዴት ይሰናዳል? ከብርዱ ጋር ተስማምቶ

ደሴ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቤ ሁለት ጊዜ የክላሲካል ኮንሰርት አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ሁለተኛው አማረ። ልጆቹ ያው ናቸው። ሙዚቃውም፣ አዳራሹም ያው ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ያላወቅኩት ነገር ብርድ ቫዮሊን ላይ ምን እንደሚሠራ ነበር። ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጦ ኦርኬስትራ ለሚያስብ ሰው የተማርኩትን እጽፋለሁ።

1. ፕሮግራሙን አሳጥሩ፣ ቀኑን ምረጡ

አንድ ሰዓት ይበቃል። አሥራ አምስት ተማሪ ይዛችሁ ሲምፎኒ አትመኙ። የሞዛርት «ትንሽ የማታ ሙዚቃ» እ.ኤ.አ. በ1787 ለክር መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈ ነው። አራት ክፍል አለው፣ ሲጫወቱት ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቫዮሊን፣ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለው)፣ ቼሎ (ተቀምጠው በጉልበት መሀል የሚይዙት) እና ኮንትራባስ (ትልቁ) ካላችሁ ሌላ አትፈልጉም። ኮንትራባስ ባይኖርም ቼሎው ይሸፍናል።

ቼሎ ያዡ ጀማሪ ከሆነ የፓኬልቤልን ካኖን ጨምሩ። እዚያ ላይ ቼሎው የሚጫወተው ባስ፣ ማለትም የታችኛው ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስምንት ድምፅ ብቻ ነው የሚደጋግመው፣ ሃያ ስምንት ጊዜ። የኛው ቼሎ ተጫዋች በሳምንት ለመዳት፤ ከዚያ በኋላ ሰልችቶኛል ማለት ጀመረ። መሰልቸቱ ጥሩ ምልክት ነው። ደራሲዎቹ ከሞቱ ዘመን ስላለፈ ኖታው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ ፎቶኮፒ ብቻ ነው ወጪው።

ቀኑን በተመለከተ ሁዳዴንና ረመዳንን ዝለሉ። ሰዓቱ በአሱርና በመግሪብ መሀል ይሁን። አሥር ሰዓት ጀምራችሁ አሥራ አንድ ላይ ከጨረሳችሁ ማንም አይቀየምም፤ ብርዱም ገና አልገባም። እኔ የመጀመሪያውን በታኅሣሥ ወር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አድርጌዋለሁ። «የማታ ሙዚቃ» ስለሆነ ማታ ይሁን ብዬ ነው እኮ!

2. ቼሎውን በደኅና አምጡ

ቫዮሊን አይጠፋም። ቼሎ ግን ብዙውን ጊዜ ከአዲስ አበባ በውሰት ነው የሚመጣው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማበር ላይ ብርድ፣ ሸዋሮቢት ላይ ሙቀት፣ ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ እንደገና ብርድ። እንጨት በአንድ ቀን ይህን ሁሉ አየር ሲለዋወጥ አይወድም። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዳትጭኑት። እንደ ሰው ወንበር ግዙለት።

እዚህ ላይ የኔን ስህተት አትድገሙ። መንገድ ላይ ክሩ እንዳይበጠስ ብዬ አራቱንም ሙሉ በሙሉ አላላኋቸው። ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ደሴ ደርሰን ሳጥኑን ስንከፍት ክሮቹ የሚያርፉባት ድልድይ ወድቃለች። ቼሎውን ከፍ ሳደርገው ደግሞ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ኳ ኳ አለ። የጣት ውፍረት የምታህል እንጨት ናት፤ የፊቱንና የኋላውን ገበታ ደግፋ የምትቆም። ሙጫ የላትም። የሚይዛት የክሮቹ ጫና ነው። ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች «ነፍስ» ይሏታል፣ እውነታቸውን ነው። ነፍሱ የወጣ ቼሎ ድምፁ እንደ ባዶ ጀሪካን ነው። የሚያቆምልን ሰው አጥተን ያንን ኮንሰርት ያለ ቼሎ ወጣነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ክር በትንሹ ብቻ አላሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በፍጹም።

3. ማሲንቆ ካለ መጀመሪያ ባለማሲንቆውን ጠይቁ

ወሎ ላይ ሞዛርትን ብቻ ተጫውቶ መውረድ ያስወቅሳል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸውም የዚሁ አገር ስም ነው። ትዝታንም ቢሆን ወሎዬ የኔ ነው ይላል። እኛም መዝጊያው ትዝታ ይሁን አልን፤ ክሮቹ አጅበው፣ አንድ ጎልማሳ ባለማሲንቆ እየዘፈነ።

ኖታውን ሶል የሚባለውን ድምፅ መነሻ አድርጌ ጻፍኩት። ለምን ሶል? ሙሉው ትዝታ ሶል ላይ ሲነሳ ድምፆቹ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ናቸው። የቫዮሊን አራት ክሮች ደግሞ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። አራቱም ውስጡ አሉ! ጀማሪ ልጅ ጣቱን ሳያሳርፍ እንኳ ትክክል ይሆናል። በራሴ ተደነቅኩ።

ልምምድ ላይ ጋሼ ማሲንቆውን አነሱ፣ ሞከሩ፣ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይሄ ለቫዮሊኑ እንጂ ለኔ ጉሮሮ አልተቃኘም» አሉኝ። እሳቸው የሚመቻቸው ሚ ቤሞል (ከሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ላይ ነው። እዚያ ላይ ቫዮሊኑ ከአራቱ ክሮች አንዷን ሶልን ብቻ በባዶ ያገኛል፤ ልጆቹ ደግሞ በየጣታቸው መሳት ጀመሩ። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ እስከ ሶል ይወጠር ብንል ይበጠሳል። ተደራድረን ሬ ላይ ተገናኘን። እሳቸው ግማሽ ድምፅ ወረዱልን፣ እኛም ሦስት ባዶ ክር አተረፍን። «አብሽር፣ እዚህ ላይማ እዘፍናለሁ» ሲሉ ነው የተነፈስኩት። ኖታውን እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ጠይቄ ቢሆን አምስት ደቂቃ ነበር።

4. ወንበር

ሳቅ ይመጣባችሁ ይሆናል። ግን የዩኒቨርሲቲ ወንበር ብዙው በስተቀኝ የመጻፊያ ሰሌዳ አለው። የቫዮሊን ደጋን የሚሄደውም በስተቀኝ ነው። ክንድ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ወንበርም አይሆንም። ክንድ የሌለው፣ መቀመጫው ጠፍጣፋ ወንበር ፈልጉ። እኛ ከካፌ ተውሰን ነው የሞላነው። የኖታ ማቆሚያ ካነሰ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። የልብስ መቆንጠጫም ያዙ፣ በር ሲከፈት ወረቀቱ ይበራል።

5. መቃኘት

ኮንሰርት የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ጋ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ከመድረኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሃያ ሰው ታጭቀን ተቃኘን። ክፍሏ በትንፋሽ ሞቃለች፣ ቅኝቱ እንከን የለውም። ከዚያ ወደ አዳራሹ ወጣን። አዳራሹ የደሴ ታኅሣሥ ነው። ሰው ገና አልሞላም፣ መስኮቱ ክፍት ነው። አቅራቢው የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩን ሲያስረዝም ክሮቹ ቀዘቀዙ። ክር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ይወጠራል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ነፋሽ መሣሪያ ተቃራኒው ነው። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። ለማድመቅ ያመጣናቸው ፍሉትና ክላርኔት ወደ ታች፣ ቫዮሊኖቹ ወደ ላይ ሄዱ። የመጀመሪያዋን ድምፅ አብረን ስንመታት ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። ብርድ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ።

በዚያ ላይ ሌላ ጉድ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ በየስልኩ የመቃኛ አፕ ከፍቶ ነው የተቃኘው። ሁሉም የሚቃኝበትን «ላ» የተባለውን ድምፅ ከስልኮቹ አንዱ በሰከንድ 432 ንዝረት ላይ፣ ሌሎቹ 440 ላይ አድርገውታል። ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ነው። ለብቻው የሚጫወት አይሰማውም። አሥራ አምስት ሰው መሀል ግን ወጥ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። አንድ ሰዓት ቀድመን ገብተን መስኮት እንዘጋለን፣ የመድረክ መብራቱን እናበራለን። ሳጥኖቹ ተከፍተው መሣሪያዎቹ እዚያው መድረክ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ፣ ማንም አይነካቸውም። ነፋሾቹ ድምፅ ሳያወጡ ትንፋሻቸውን እየሰደዱ መሣሪያቸውን ያሞቃሉ። ስልክ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች። 440 መሆኑን አይታ ላን ትሰጣለች። መጀመሪያ ቼሎ፣ ቀጥሎ ቪዮላ፣ ከዚያ ቫዮሊኖቹ። አንዱ ሲቃኝ ሌላው ዝም። ይህችን «ዝም» ለማስለመድ ከሞዛርቱ ይልቅ ብዙ ደከምኩ።

መቃኛውን እንጨት ስታዞሩ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ፣ በጣም በትንሹ። ድምፁ ካለፈ አውርዱትና እንደገና ከታች አምጡት። እንዲህ ከሆነ ይረጋል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይሸማቀቅና መቃኛው እየተንሸራተተ ያስቸግራል። መድኃኒቱ ክፍል ውስጥ ሞልቷል፣ ጠመኔ። መቃኛውን አውጥታችሁ እጅግ ጥቂት ቀቡት። አልዞር ካለ ደግሞ ደረቅ ሳሙና። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን ልዩ ቅባት ገዝቼ አይቻለሁ፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ። ይልቅ በዚያ ብር ትርፍ የሚ ክር ግዙ። እሷ ቀጭን ናት፣ ቀድማ የምትበጠሰው እሷ ናት።

ከመጀመሪያው ሙዚቃ በኋላ እንደገና ተቃኙ። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ይሞቃል፣ ክሩ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ተመልካች ይሰለቻል ብላችሁ አትዝለሉት። ለሁለተኛው ኮንሰርት ተመልካቹን «አሁን እየቃኘን ነው» ስላቸው አንዱ ከኋላ «ቃኙ! ቃኙ! ሳይቃኝ የሚዘፈነው የት አገር ነው?» አለ። ሳቅ ሆነ። ወሎ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

6. የቀረው

ማይክ ከክሮቹ አርቁ። ባለ ሳውንድ ሲስተሙ ይጨቀጭቃችኋል፣ እሺ አትበሉት። ለጋሼ አንድ ማይክ ይበቃል። በየክፍሉ መሀል ጭብጨባ ቢመጣ አትኮሳተሩ፤ ሞዛርት በኖረበት ዘመንም ያጨበጭቡ ነበር። ሞባይል ዝም ማሰኘቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

መብራት ቢጠፋስ? ማቆሚያው ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ የባትሪ መብራቶች ያዙ። ጄኔሬተር መስኮት ሥር ካስነሳችሁት ግን ፓኬልቤል አይሰማም። እኔ ለሦስተኛው ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሃይድን እ.ኤ.አ. በ1772 የጻፈው አንድ ሲምፎኒ አለ፣ 45ኛው። መጨረሻው ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ፣ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ይቀራሉ። ኦቦና ሆርን ስለሌለን የነሱን ድርሻ ለክላርኔት እየገለበጥኩ ነው። ለእሱ ጄኔሬተር አልከራይም።