ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ዕቃ ፈልጋችሁ ካጣችሁት

ይሄ ዳይቪንግ ለሰለጠነና አብሮት የሚጠልቅ ጓደኛ ላለው ሰው ነው፣ ያልሰለጠነ የአየር ሲሊንደር ተውሶ እንዳይገባ፣ በናታችሁ።

ፈልጌ ፈልጌ የለም
አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ተሳስቶ ነው። ዕቃው ሲወድቅ ሁሉም ይጮሃል፣ ጀልባዋን ግን ንፋስ እየገፋት ነው፣ ጩኸቱ ሲበርድ እናንተ ሌላ ቦታ ናችሁ። አንዴ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ትንሽ ገባ ብለው ሙሽሮች ሲያነሳ የነበረ ልጅ ካሜራው አምልጦት "እዚችው ጋ ነው" ባለን ቦታ ሁለት ሲሊንደር ጨረስን፣ በኋላ ቀዛፊውን ስንጠይቀው "ያኔኮ የታቦር ተራራ ጫፍ ከዋርካው ጋር ገጥሞ ነበር" አለን፣ ሁለቱ እስኪገጥሙ ቀዝፈን ወረድን፣ የካሜራው ማንገቻ ብቻ ከጭቃው ብቅ ብሎ አገኘሁት።
ስለዚህ ዕቃ እንደወደቀ ባዶ ጄሪካን በረጅም ገመድ ድንጋይ አስራችሁ ወዲያው ጣሉ፣ ዳር ላይም የሚገጥሙ ሁለት ሁለት ምልክቶች በሁለት አቅጣጫ ያዙ።

ታች ምንም አይታይም
ጭቃው ዱቄት ነው፣ አንዴ በፊን፣ እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ከመታችሁት አለቀ። ባህር ላይ የለመዱ ሰዎች እዛ የሚታጠቁትን ያህል የእርሳስ ክብደት (ለመስመጥ የሚረዳ ብረት) ታጥቀው ይመጣሉ፣ የዚህ ሐይቅ ውሃ ግን እንደ ባህር ጨዋማ ስላልሆነ ሰውን እንደ ባህር አያንሳፍፍም፣ እና ጭቃው ላይ ዘጭ ይላሉ። 2 ወይም 3 ኪሎ ቀንሱና ሞክሩ። ከዛ ገመድ ከድንጋዩ ላይ አስራችሁ ወጠር አድርጋችሁ ዙሩ፣ አንድ ዙር ሲያልቅ አንድ ክንድ ልቀቁ፣ ካልታየ በእጅ ዳብሱ። መረብ ስላለ ቢላ ያዙ።

ጆሮ ያመኛል
ትንሽ ከፍ በሉ፣ አፍንጫ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉ። ጉንፋን ካለ አትግቡ።

ከወጣሁ በኋላ መገጣጠሚያዬን አመመኝ፣ ደነዘዘኝ፣ አዞረኝ
ይሄን በጣም ነው የምፈራው። ሐይቁ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፣ ግን ሐዋሳ ከባህር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው፣ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ስንት ደቂቃ ታች መቆየት እንደሚቻል የሚናገረው ለባህር የተሰራው ሰንጠረዥ እዚህ አይሰራም፣ ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ ይሆናል። የዳይቪንግ ኮምፒውተራችሁን (ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥረውን) በከፍታው አስተካክሉ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር በላይ አትውጡ፣ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ። በዛው ቀን አዲስ አበባ አትሂዱ፣ እሷ ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። ምልክቱ ከታየ ኦክስጅንና ሆስፒታል ነው፣ ተመልሶ መጥለቅ የለም።

የወደቀውን የጀልባ ሞተር አገኘሁት ግን አልነሳ አለኝ
በአየር የሚነፋውን የዳይቪንግ ጃኬታችሁን ነፍታችሁ አቅፋችሁ ለመውጣት እንዳትሞክሩ፣ ከእጃችሁ ካመለጠ እናንተን ወደ ላይ ያስፈነጥራችኋል፣ ሳንባ የሚቀደደው እንዲህ ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አፉን ወደ ታች አርጋችሁ እሰሩበት፣ በትርፉ መተንፈሻ አየር ሙሉት፣ አንዱ 20 ኪሎ ያህል ያነሳል። መነሳት ሲጀምር ልቀቁና ከስሩ ዞር በሉ።

ጉማሬ የሚውልበት ቦታ የወደቀ ከሆነ ግን ይቅር፣ ሌላ ይገዛል።