ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጀሪካኑ ይረሳል፦ በጓዳችን ልናርማቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ የጠላ ጋን እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ። በግራዋ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ እንደገና ይታሻል፣ በመጨረሻም በወይራ ይታጠናል። አጠገቡ የተቀመጠው የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ግን ትንሽ ውሃ ይጨመርበትና ሸክሸክ ተደርጎ ይደፋል። በቃ፣ ታጠበ ተባለ። ወለሉ ይወለወላል፣ ስኒው ያብረቀርቃል፤ በየቀኑ አፋችንን፣ ዓይናችንን እና እጃችንን የሚነካው ዕቃ ግን ይዘለላል።

እንግዲህ ከጀሪካኑ እንጀምር። አለቅልቆ ብቻ መሙላት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጣታችሁን ታጥባችሁ በአፉ አስገቡና የውስጡን ግድግዳ ዳስሱት። ካሟለጨ ጀርም ተደራርቦ ሽፋን ሠርቷል ማለት ነው። ይህ ሽፋን በውሃ ብቻ አይለቅም። ንጹሕ ደቃቅ ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና በደንብ ናጡት። ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁ። ከዚያ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ ውስጡን በሙሉ እንዲያዳርስ አገላብጡት፣ ጥቂት አቆይታችሁ ድፉትና በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ክዳኑንም እንዲሁ። ቧንቧ ጋ ተራ ስንጠብቅ መሬት ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የምትሞሉም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። በተለይ በኩባያ እየጠለቁ መቅዳት ይቅር፤ እጅ ውሃው ውስጥ በገባ ቁጥር የታጠበው በርሜል መልሶ ይቆሽሻል።

ውሃ አፍልታችሁ የምትጠጡ ደግሞ ከፍታውን አስቡበት። ባሕር ዳር ላይ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ስለሆነ 3 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ገና መፍላት ሲጀምር ማውረድ የለመደ ሰው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። አንድ ፎጣ ለቤተሰቡ ሁሉ! ማስታጠቢያው አጠገብ የተሰቀለውን ፎጣ አባት እጁን ያብስበታል፣ ልጅ ፊቱን ያብስበታል፣ እንግዳም ያብስበታል። ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ደግሞ የነጠላው ጫፍ አለ። እናት የአንዱን ልጅ ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና በዚያው ጫፍ የሌላውን ልጅ ዓይን ትጠርጋለች። በፍቅር የሚደረግ ነገር ስለሆነ ማንም ስህተት አይለውም። የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ግን የሚተላለፈው እንዲህ ነው፤ በጨርቅ፣ በእጅና በዝንብ። አማራ ክልል ደግሞ በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ሲደጋገም የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰላል፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ዓይንን እየፋቀ እስከ መታወር ያደርሳል። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፤ ቁራጭም ቢሆን ችግር የለውም። በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጨርቅ ከሌለ ፊቱን በውሃ ታጥቦ በነፋስ ይድረቅ። የጋራ ፎጣ ከመጠቀም ይሻላል።

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅም እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሁልጊዜ የምግብ ፍርፋሪ ያለበት። ላርጎ ስለነካው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ጨምቃችሁ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ሳህን ውስጥ ተዘፍዝፎ አይደር። መሽተት ከጀመረ አትከራከሩት፣ ጣሉት።

ዶሮ ላይ ስንመጣ ነገሩ ከባድ ነው። የፋሲካ ዶሮ በሎሚና በጨው በስንት ውሃ እንደሚታጠብ የማያውቅ የለም፤ አትጠቡ ብል የሚሰማኝም አይኖርም። ሎሚው ግን ጠረን ያጠፋል እንጂ ጀርሙን አይጨርስም። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው። አደጋው ያለው በፍንጥቅጣቂው ላይ ነው። ስለዚህ በጎድጓዳ ሳፋ እጠቡ፣ ከላይ ውሃ አታንቧቡ። ሰላጣ፣ እንጀራና ስኒ ከአጠገቡ ይራቁ። ሲያልቅ ሳፋውን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና እጠቡ፣ ቀጥሎ በበረኪና ውሃ አለቅልቁ። ሳይታጠብ በዚያው ቢላዋ በጥሬው የሚበላ ሥጋ ወይም ቲማቲም መክተፍ የለም።

መሶብ በክረምት ይታፈናል። ትኩስ እንጀራ አስገብቶ ወዲያው መክደን እርጥበቱን ስለሚይዘው ሻጋታ ያመጣል። እንጀራው ይብረድ። ባዶውን መሶብ ፍርፋሪውን አራግፉና ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር አውጡት።

ሞባይል፣ የበር እጀታ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የሽንት ቤት ጆግ መያዣ፦ እነዚህን ሁሉም ሰው ይነካቸዋል፣ ማንም አያጥባቸውም። ሞባይሉን አጥፍታችሁ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ በቀጥታ አትርጩበት። ጆጉን ስታጥቡ ከመያዣው ጀምሩ።

በመጨረሻ በረኪናው ራሱ። ቆሻሻ ላይ ከተደፋ ኃይሉ ይባክናል፤ መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ በበረኪና። ሙቅ ውሃ ያዳክመዋል፤ በቀዝቃዛ በጥብጡ። የተበጠበጠው ለነገ አይቆይ፣ በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ይቁም። የተጠማ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል። በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።